ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ

የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ወንዞች ዳር የሚኖሩ ካህናት ለልጆቻቸው መዝሙር ያስጠኑ ነበር። የሚጽፉበት ፊደል አልነበራቸውም። ሪግ ቬዳ የሚባለው ስብስብ ብቻ 1028 መዝሙሮች አሉት፤ ሁሉም በሳንስክሪት የተደረሱ፣ ሁሉም በቃል የሚያዙ ናቸው። ለሂንዱ አማኝ የመዝሙሩ ኃይል ያለው በትርጉሙ ብቻ አይደለም። ማጠር ያለበት ድምፅ ከረዘመ፣ ዝቅ ማለት ያለበት ከፍ ካለ፣ ጸሎቱ ራሱ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። መዝሙሩን ማወቅ ማለት ድምፁን ማወቅ ሆነ፤ ድምፁን ደግሞ ከሰው አፍ እንጂ ከየትም ማግኘት አይቻልም ነበር።

አጠናኑም ከዚሁ የመነጨ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ይላል፤ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ ናምቡዲሪ የሚባሉት ብራህሚኖች ዘንድ መምህሩ የልጁን ራስ በእጁ ይዞ እንደ ድምፁ መውጣትና መውረድ ቀና ያደርገዋል፣ ይደፋዋል፣ ወደ ጎን ያዘነብለዋል። ልጁ ዜማውን የሚይዘው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በአንገቱም ጭምር ነው። ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ይመጣል።

ቃሉ እንዳይዛነፍ የሚፈትኑበት ዘዴም አላቸው። ሦስት ተከታታይ ቃላትን ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው። ተማሪው መጀመሪያ እንደ ወረዱ ያላቸዋል። ከዚያ ሁለት ሁለት እያቆላለፈ፣ ሀለ፣ ለሐ ይላል። ግሃና ወደሚባለው ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለሐ፣ ሐለሀ፣ ሀለሐ እያለ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይመላለሳል፤ ያን ሲጨርስ ከሁለተኛው ቃል ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው በዚህ መንገድ የሚዘልቅ ሰው አንዲት ቃል ብትወድቅበት ወይም ቦታ ብትለዋወጥበት ወዲያው ያውቃል። ብራና ይቃጠላል፣ በምስጥ ይበላል፤ ይህ ግን በሰው ውስጥ ያለ መዝገብ ነው።

ዘመናት ሲያልፉ ሳንስክሪት የማንም የቤት ቋንቋ መሆኑ ቀረ። የኬረላ ልጅ ከእናቱ ጋር በማላያላም፣ የታሚል ናዱ ልጅ በታሚል እየተነጋገረ አደገ፤ ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚለው ሳንስክሪት ነው። በምዕራብ ሸዋ በቤቱ ኦሮምኛ እየተናገረ አድጎ የግእዝ ዜማ ለመማር ወደ የኔታ የሚሄድ ልጅ ይህ አይገርመውም። የእኛን ታሪክ ከሕንድ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአክሱም ዘመን ሁለቱ አገሮች አይተዋወቁም ነበር ማለት አይቻልም። የአክሱም ነጋዴዎችና የሕንድ ነጋዴዎች በአንድ ባሕር ላይ ነበሩ። ከአፍሪካ ቀንድ ፊት ለፊት በምትገኘው በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ የሚባል ረጅም ዋሻ አለ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያጠኑት የቤልጅግ ተመራማሪዎች ሕንዳውያን መርከበኞች በብራህሚ ፊደል የጻፏቸውን ሁለት መቶ ገደማ ጽሑፎች አገኙበት። በዚያው ዋሻ የአክሱም ሰዎች በራሳቸው ፊደል የተዉት ጽሑፍም አለ። በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ደግሞ ከሰሜን ሕንድ የመጡ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች በ1940 እ.ኤ.አ. ተገኝተዋል። ዜማ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ጥበብ ደረሱ፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

የእኛው ጥበብ በቅዱስ ያሬድ ይጀምራል። በትውፊት ያሬድ በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው፤ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መምህር ነበር። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። ተገረፈ፤ ጓደኞቹም አፌዙበት። በመጨረሻ ሸሽቶ ሄደና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እዚያ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ዛፉን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትወጣ አየ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ደረሰች። ያሬድ ተነሥቶ ተመለሰ፤ ጌዴዎንም ተቀበለው።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም፤ ብዙ ጊዜም ስለ ትሏ ጽናት ይሰበካል። እኔ ግን ስለ ጌዴዎን መነገሩ ያነሰ ይመስለኛል። ገድሉ የመጀመሪያውን የዜማ ሊቅ ሰነፍ ተማሪ አድርጎ ከመጻፍ አላፈረም፤ የመምህሩን አለንጋም አልደበቀም። የሸሸውን ልጅ ደግሞ በሩን ሳይዘጋ የተቀበለ መምህር ባይኖር የትሏ ትምህርት ብቻውን የትም አያደርስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የሆነ ነው። ሦስት አዕዋፍ ከገነት መጥተው ሰማያዊ ዜማ አሰሙት ይላል ገድሉ፤ እርሱም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች ሠራ። ሊቃውንቱ ግእዝን ለአብ፣ ዕዝልን ለወልድ፣ አራራይን ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣሉ። ሕንዶችም የቬዳ ቃላቸውን በሦስት የድምፅ ከፍታ ይለያሉ፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የእነርሱ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ የሚወድቅ ከፍታ ነው፤ የያሬድ ግን መዝሙሩን በሙሉ የሚመራ ስልት ነው። ንጉሡ ያሬድ ሲዘምር ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለውና ሁለቱም ሳይሰማቸው እንደ ቆዩ፣ ያሬድም ካሳ አድርጎ መሰናበት ብቻ እንደ ጠየቀ ይተረካል። ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ፤ የመጨረሻ ዘመኑንም በዚያ በማስተማር ፈጸመ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በስሙ የሚጠሩት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት ናቸው።

ዜማው ወደ ሸዋ የመጣው ከመነኮሳት ጋር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ይህ ነው። በቀጣዩ መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ የገዳሙን ደቀ መዛሙርት በየአገሩ መደቡ፤ አድኃኒ ወደ ዳሞት፣ አኖሬዎስ ወደ ወረብ ሄዱ። ያን ጊዜ ዳሞት የሚባለው ከዓባይ በስተደቡብ፣ ከሙገር ወዲያ የነበረው አገር ነው። ዛሬ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው ተራራ አናት፣ በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው ካሉት ጥንታውያን አንዱ ነው። ለዚህ አገር ግእዝ የትናንት እንግዳ አይደለም ለማለት ያን ደሴት ማየት ይበቃል።

ከእነዚያ መነኮሳት ጥቂት ቆይቶ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት ደረሰ። ስለ እርሱም ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እንዳለቀሰ ይነገራል። ሁለቱ ታላላቅ የዜማ ሰዎች የጀመሩት በአለመቻል ነው።

ከዚያ እሳቱ መጣ። በ1531 እ.ኤ.አ. የአህመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ፤ በአሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከሸዋ እስከ ትግራይ ለቁጥር የሚያዳግት ብራና ዐመድ ሆነ። ያለቁት መጻሕፍት ብቻም አልነበሩም፤ ዜማውን በውስጣቸው የያዙት ሰዎችም አለቁ። የሕንዶች ግሃናም የማያድነው አደጋ ይህ ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች በአንድ ትውልድ ቢያልቁ ምን ይተርፋል?

መልሱ የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ነው። በአማራ ሳይንት በተድባበ ማርያም የነበሩት አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል ለዜማው ምልክት አበጁለት። እስከዚያ ድረስ ተማሪው የሚያየው ቃሉን ብቻ ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ ከቃሉ በላይ ደቃቅ ጽሑፍ ተጨመረ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ከእነዚህም ጋር ድርስና አንብር አሉ። አንዱ ድምፁ እንዲያዝ፣ አንዱ በደረት እንዲባል፣ አንዱ እንዲንቀጠቀጥ፣ አንዱ እንዲቆረጥ ያመለክታል።

ከእነዚህ ሌላ ሥረይ የሚባሉ ትንንሽ የግእዝ ፊደላት ከመስመሩ በላይ ይጻፋሉ። የድጓ ብራና ገልጦ ያየ ሰው በትልልቁ ጥቁር ጽሑፍ መካከል እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሱትን ያስታውሳቸዋል። እያንዳንዱ ሥረይ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው የዜማ ክፍል የተወሰደ ምህጻር ነው፤ የዚያን ቃል ዜማ እዚህም ድገመው ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ዜማውን ያልሰማን ሰው አያስተምርም፤ የሰማውን ያስታውሰዋል። የሕንዱም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ ሪግ ቬዳ ሲጻፍ ዝቅ ያለው ድምፅ ከሥሩ አግድም መስመር፣ ተንሸራታቹ ከበላዩ ቀጥ ያለ መስመር ይደረግበታል፣ ዋናው ከፍ ያለው ድምፅ ግን ምንም ምልክት የለውም። ጌራና ራጉኤል መጽሐፉን በመምህሩ ቦታ አላስቀመጡም። ለመምህሩ ረዳት ሰጡት፣ ወንበሩንም አልነኩበትም። በእኔ አስተያየት ከያሬድ ወዲህ ለዜማ የተደረገለት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የድጓ ምስክር ቤት ሆና የቀረችው በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ናት፤ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለትም የየራሳቸው የዜማ መንገድ ነበራቸው። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደርና በደብረ ታቦር፣ ቅዳሴ በደብረ ዓባይና በሰለልኩላ ይመሰከር ጀመር። አንዱን ትምህርት ለመፈጸም አገር ማቋረጥ ግድ ነበር።

ይህን መንገድ የሄደው ልጅ ማን ነው? ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ነው። ደበሎ ለብሷል፤ በትከሻው አኩፋዳ አለ። ከፊደልና ከንባብ ቀጥሎ ዳዊት ደግሟል። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የቃል ትምህርት ይይዛል፤ የኔታ በጨለማው ውስጥ ይሉታል፣ እርሱም ይቀበላል፣ ተሳስቶ እንደ ሆነ ድምፁ ብቻ ይነግራቸዋል። ቀን ብራናውን ዘርግቶ ምልክቱን በጣቱ እየተከተለ ይቀጽላል። የኔታ ለሁሉም ስለማይበቁ የበሰለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናሹን ያስጠናዋል፤ የተጠናው ተጠቅልሎ ወደ የኔታ ሲቀርብ እርማት ይሰጥበታል። ጾመ ድጓን ዘልቆ ወደ ድጓ ሲገባ ዓመታት አልፈዋል። ድጓውንም በገዛ እጁ፣ ከነምልክቱ፣ በብራና መጻፍ አለበት፤ ቆዳውን ይፍቃል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ቃሉን በትልቁ ምልክቱን በትንሹ ብርዕ ያሰፍራል። ያን ጨርሶ ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር መሪጌታ ይባላል፤ ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል።

ስለ ዜማ ውበት የሚጽፉ ብዙ ጊዜ ስለ እንጀራው አይጽፉም። ልጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ውሻ ያባርረዋል፤ በክረምት እከክና ተስቦ ይይዘዋል። በየጎጆው የሞቱትን ልጆች የቆጠረ የለም። ለየኔታ ደግሞ ደሞዝ የሚሆነው የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ነበር። መሬት ያለው ደብር መምህር ያቆም ነበር፤ መምህር ባለበትም ተማሪ ይሰበሰብ ነበር። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ በዚህች ነጥብ ላይ ይዞራል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለቱም ትውፊቶች በአውሮፓ ዓይን ወደቁ። የሳንስክሪት ሊቁ ማክስ ሙለር ሪግ ቬዳን ከነትርጓሜው በኦክስፎርድ ከ1849 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በዚሁ መካከል፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ አብዛኛው ወታደሩ ሕንዳዊ የነበረ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ፤ አፄ ቴዎድሮስ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። መጻሕፍቱ ሄዱ፣ ወንበሩ ግን አልተነካም።

የዛሬዋ ምዕራብ ሸዋ ታሪክ ከምኒልክ ጋር ይታሰራል። ንጉሠ ነገሥቱ የአዲስ አበባ እንጨት ማለቁን አይተው ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር ተነሡ፤ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በኤጀሬ አዲስ ዓለምን በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ቆረቆሩ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲያድናት ዝውውሩ ቀረና ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ታቦቱ የጽዮን ማርያም ነው፤ እንደ አክሱሙ ኅዳር 21 ቀን ይነግሣል። ያሬድ በዘመረባት በጽዮን ስም ደብር ሲተከል መሪጌታዎች፣ ደብተራዎችና ዘማሪዎች ከሰሜን መጥተው ሰፈሩ፤ በየከተማው፣ በሆለታም፣ በጊንጪም፣ ሀገረ ሕይወት በተባለችው በአምቦም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ለደብርና ለሹም የተሰጠው መሬት የኦሮሞ ገበሬ የሚያርሰው መሬት ነበር። ገበሬው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት እየሰጠ ኖረ። ለብዙ ቤተሰብ የግእዝ ዜማ የተሰማው ከዚያ ሸክም ጋር ነው። ዜማውን የሚወድ ሰው ይህን ቢክድ ዜማውን አይጠቅመውም፤ ግርፋቱን ያልደበቀ የያሬድ ገድል ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው።

ያም ሆኖ የአካባቢው ልጅ ትምህርቱን የራሱ አደረገው። ከሁሉ የታወቀው ምስክር ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ ተወለደ፤ አባቱ ኦሮሞ እናቱ አማራ ነበሩ። ከብት እየጠበቀ አደገ፣ ግእዝም በልጅነቱ ተማረ፤ በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ የጻፈው ተውኔት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየ። ኋላ በአማርኛ ግጥም ውስጥ የሠራው ስልት፣ ቃሉ የሚከብድበትና የሚረግጥበት መንገድ፣ ከልጅነቱ ንባብ የተለየ ነው ብዬ አላምንም። ቅኔ ቤትን የቀመሰ ጆሮ በግጥሙ ውስጥ ይሰማል።

ጸጋዬ ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ ግን የሸዋው ዜማ ምንጭ ደም ፈሰሰበት። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ደብረ ሊባኖስን ከበቡ። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳት በአንድ ቀን እንደ ተረሸኑ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም 129 ዲያቆናት እንደ ተጨመሩ ይናገራል፤ የኢትዮጵያውያኑ ቆጠራ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እነዚያ ዲያቆናት ወጣቶች ነበሩ። በአንድ ጥይት የሚወድቀው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከዓመታት የሌሊት ጥናት በኋላ በውስጡ የሰፈረው ዜማም አብሮ ይወድቅ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ናቸው። ያ ትውልድ የኬረላን ሰው የሚያስታውሰው በጠመኔና በሎጋሪዝም ነው። መምህሮቹ በወጡበት አገር ልጆች ራሳቸውን በመምህር እጅ አስይዘው ሦስት ሺህ ዓመት የሞላውን መዝሙር እንደሚማሩ፣ ተማሪዎቹ ከሚኖሩበት ከተማ ጥግ ደግሞ የቆሎ ተማሪ በጨለማ ውዳሴ ማርያም እንደሚቀበል ማን ለማን ነግሮ ይሆን?

ከዚያ 1975 እ.ኤ.አ. መጣ። በአገራችን ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት በአዋጅ የሕዝብ አደረገ። የምዕራብ ሸዋ ጭሰኛ ከባለመሬት ነጻ ወጣ፤ ፍትሕ ነበር፣ ዛሬም ፍትሕ ነው እላለሁ። በዚያው አዋጅ ግን የደብሩ መሬት ሄደ፤ ከእርሱም ጋር የየኔታ ቀለብ ሄደ። በኬረላም የመሬት ሥሪት ሕጉ ከጥር 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ የናምቡዲሪዎቹን መሬት ለሚያርሱት ሰጥቶ ነበር። መሬቱ ሲሄድ የቬዳ ወንበራቸውም ተናጋ። በሚያዝያ 1975 እ.ኤ.አ.፣ የእኛ አዋጅ በወጣ በሁለተኛው ወር ግድም፣ የሆላንዱ ሊቅ ፍሪትስ ስታል በኬረላ በፓንጃል መንደር ናምቡዲሪዎቹ አሥራ ሁለት ቀን የፈጀውን የእሳት መሥዋዕት ሥርዓት ሲፈጽሙ በፊልም እንዲቀረጽ አደረገ፤ ከእንግዲህ ላይደገም ይችላል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና ነው።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይገለጥልኛል። ዜማውን እሳት አልገደለውም፤ ጦርነትም ሆነ ጥይት ሊያጠፉት አልቻሉም። ያንገዳገደው የመምህሩ እንጀራ መቋረጥ ነው። የድሮው እንጀራ በሌላ ሰው ላብ የመጣ ስለ ነበር ወደ እርሱ መመለስ አይቻልም፤ መመለስም የለበትም። ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ። ሕንዶች በመንግሥት ድጎማና በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ የቬዳ ትምህርት ቤቶችን አቆሙ። ዩኔስኮ የቬዳን ዜማ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀ፤ በ2008 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ያም ሆኖ ከሺህ በላይ ከነበሩት የአዜማም ቅርንጫፎች የተረፉት 13 ብቻ ናቸው።

በእኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ከአብዮቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አውጥታ ሰበካ ጉባኤን አቋቁማ ነበር፤ መሬቱ ሲሄድ ምእመናን በየወሩ የሚያዋጡት ገንዘብ ደብሩን አቆመው። ማኅበረ ቅዱሳን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአብነት ትምህርት ቤቶችን ከሚረዱት አንዱ ሆነ። ግን የሰበካው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለሕንፃ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ የሚሄድ ሰው አዳዲስ ጉልላቶች ሲያብረቀርቁ ያያል፤ ከጉልላቱ ሥር የዜማ ወንበር መኖር አለመኖሩን ከመንገድ ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ስልክ መጥቷል። ተማሪው የኔታን ይቀርጻል፤ የታወቁ መሪጌታዎች ድጓ በስልክ ይደመጣል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፈውም። ጌራና ራጉኤልም በዘመናቸው አዲስ መሣሪያ ነበር ያመጡት። ቀረጻው ግን ተማሪው ሲሳሳት ዝም ይላል፣ የኔታ ግን ዝም አይሉም።

በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከሌላው አገር የሚበልጥ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። ቅዳሴው በኦሮምኛ ተተርጉሞ መቀደስ ከጀመረ ቆይቷል፤ የሚባለውም በያሬድ ዜማ ነው። የግእዝ ቃል ሌላ፣ የኦሮምኛ ቃል ሌላ ነው፤ የሚጠብቀውና የሚላላው፣ የሚረዝመውና የሚያጥረው አይገጥምም። የቱ ጋ ርክርክ፣ የቱ ጋ ድፋት እንደሚገባ ለመወሰን ድጓውን የዘለቀ፣ ኦሮምኛውንም ከእናቱ የሰማ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ወር ሥልጠና አይገኝም። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ፣ ከጊንጪ የሚነሣ ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ የኔታ ፊት መቀመጥ አለበት። ግእዝ ለእርሱ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ለጎጃሙም ለጎንደሩም ልጅ ያው ሩቅ ነው፤ ከእናቱ ጋር በግእዝ ተነጋግሮ ያደገ ማንም የለም። የኬረላውም ልጅ ከሳንስክሪት ጋር በዚህ ርቀት ላይ ነው፣ ይማረዋልም።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ላላችሁ ምእመናንና የሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የዓመቱ በጀት በሚነበብበት ቀን እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለዜማ መምህሩ በወር ስንት ተመድቧል? ለተማሪዎቹ ቀለብና መኝታስ? ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑት ልጆች ስንቶቹ ድጓ ገብተዋል? መልስ ከሌለ የሕንፃው ቀለም ለከርሞ ይቆይና ቅድሚያ ለየኔታ ደሞዝ ይያዝ።